በጂን (ከወላጅ በሚወረስ ዘረ መል) ምክንያት የነፍሰ ገዳይ ቅጣት ይቀነሳል?

ሄኖክ፦ ለዛሬ ይሄን እንከራከር። ጣሊያን ውስጥ አንድ አልጄሪያዊ ዓይኑን ተኩሎ ነበር፤ «ለሃይማኖቴ ነው» ይላል። በኩሉ ሰደበኝ ያለውን ኮሎምቢያዊ በጩቤ ወግቶ ገደለው። 9 ዓመት ከ2 ወር ተፈረደበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የትሪየስቴ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ዓመት ቀነሰለት። ምክንያቱ? ሲመረመር ኤምኤኦኤ የሚባለው ጂኑ ደከም ያለ ሆኖ ተገኘ። ልክ ነው ትላላችሁ?

ብርሃኑ፦ ልክ ነዋ! ዘር ከልጓም ይስባል። ሰውዬው ጂኑን መርጦ አልተወለደ። በ1993 ሀን ብሩነር ከነባልደረቦቹ ያጠናውን የሆላንድ ቤተሰብ እዩ። ይሄ ጂን እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን የአንጎል ኬሚካሎች የሚሰባብር ኢንዛይም ያሠራል። የዚያ ቤተሰብ ወንዶች ላይ ግን ጭራሽ አይሠራም። በትንሽ ነገር ይገነፍላሉ። ቤት ያቃጠለ አለ፣ አስገድዶ ለመድፈር የሞከረ አለ። ሴቶቹ ደህና ናቸው፤ ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም የሚባለው የጂን ተሸካሚ ላይ ነው፤ ሴት ሁለት ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው።

ሜሮን፦ ብሬ፣ ሁለት ነገር አታምታታ። የሆላንዶቹ ጂን ጨርሶ የተበላሸ ነው፤ እንደነሱ ያለ ቤተሰብ በጣት የሚቆጠር ነው። የጣሊያኑ እስረኛ «ዝቅተኛ» የሚባለው፣ ኢንዛይሙን በጥቂቱ የሚያሠራው ዓይነት ነው ያለው። እሱን ደግሞ ከአውሮፓውያን ወንዶች ሲሶው ገደማ ይዞት ይዞራል፤ አብዛኛው ዝንብ እንኳን አይገድልም። ለዚህ ሁሉ ቅናሽ ከተሰጠ ወረፋው ከዳቦ ወረፋ ይረዝማል።

ሰዓዳ፦ አስተዳደጉንስ ረሳችሁት? ኒውዚላንድ፣ ደኒዲን ከተማ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ሕፃናትን ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከታተሉ። በ2002 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ዝቅተኛው ጂን ኖሯቸው በልጅነታቸው የተበደሉት ከወንዶቹ 12 በመቶ ናቸው። በኃይል ወንጀል ከተላለፉት ፍርዶች ግን 44 በመቶው የነሱ ነው። ጂኑ ኖሯቸው በደህና ያደጉት ከሌላው አልተለዩም። በኋላ የተደገሙት ጥናቶች ሁሉ እኩል አልተሳኩም፤ ይሄንንም መደበቅ የለብንም።

ብርሃኑ፦ እሱም ለኔ ነው የሚመሰክረው። እንዲህ ያደገ ሰው ጂኑንም አልመረጠ፣ የሚደበድበውን አባትም አልመረጠ!

ሜሮን፦ እሺ። «ጂኑ ነው ያስገደለው» ካልክ ነገ ሲፈታስ? ጂኑ እንደሆነ አብሮት ነው የሚወጣው። አቃቤ ሕጉ ይሄንኑ ማስረጃ ይዞ «አደገኛ ስለሆነ ይጨመርበት» ቢል ምን ትመልሳለህ?

ሄኖክ፦ ወይ ጉድ፣ ይቺስ ከባድ ናት። ብሬ?

ብርሃኑ፦ እኔ አንድ ዓመት ይቀነስለት አልኩ እንጂ ይፈታ አላልኩም።