የሳፕሪሳ 40 ዋንጫ፦ የስድስት ወሩ ከዓመቱ እኩል ይቆጠራል?

ብርሃኑ፦
የኮስታሪካን ሊግ የሚከታተል ሰው ሁሉ የሚነታረክበትን ጥያቄ ላንሳ። ዓመቶቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. ያዙልኝ። ዲፖርቲቮ ሳፕሪሳ በ2024 ክላውሱራ፣ ማለትም በውድድር ዘመኑ ሁለተኛ ግማሽ ውድድር፣ 40ኛ የሊግ ዋንጫውን አነሳ። ያን ዕለት ዋና ተቀናቃኙ አላሁዌሌንሴ 30 ላይ ነበር። ልዩነቱ 10 ነው፤ የሐምራዊው፣ የሳፕሪሳ ደጋፊም «ነገሩ አልቋል» ይላል።

ግን ቁጥሩን በዘመን ከፍላችሁ እዩት። እስከ 2006-07 ድረስ በአንድ የውድድር ዘመን አንድ ሻምፒዮን ብቻ ነበር። ከ2007-08 ጀምሮ ዓመቱ ለሁለት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ግማሽ የራሱን ሻምፒዮን ያወጣል። በመጀመሪያ ኢንቪዬርኖና ቬራኖ ይባሉ ነበር፤ በኋላ አፐርቱራና ክላውሱራ ሆኑ። ከሳፕሪሳ 40 ዋንጫ 25ቱ የሙሉ ዓመት፣ 15ቱ የአጭር ውድድር ናቸው። ከአላሁዌሌንሴ 30 ደግሞ 24ቱ የዓመት፣ 6ቱ የአጭር። ስለዚህ በረጅሙ ዘመን የነበረው ልዩነት አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። የቀረው 9 ልዩነት የመጣው ከአጭሩ ውድድር ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ አምድ መደመር ተገቢ ነው ወይ?

ኤደን፦
ተገቢ ነው። ሊጉ ራሱ ሻምፒዮን ብሎ የሸለመውን ማንም ተነስቶ ግማሽ ሻምፒዮን ሊለው አይችልም። ሕጉ ለ12ቱም ክለብ አንድ ዓይነት ነበር። በ2007 አላሁዌሌንሴም ከዚያው መስመር ነው የተነሳው። 34 ዋንጫ ለሁሉም እኩል ቀርቦ ሳፕሪሳ 15 ከወሰደና አላሁዌሌንሴ 6 ካገኘ፣ ይህ የቆጠራ ጉዳይ አይደለም፣ የጨዋታ ነው።

ደግሞ «ግማሽ ነው» የሚለው ሐሳብ ወዴት እንደሚያደርስ እዩ። ካርታሂኔስ በ1923፣ በ1936 እና በ1940 ሻምፒዮን ሆኖ ከዚያ 81 ዓመት ጠበቀ። በ2022 ክላውሱራ አላሁዌሌንሴን በታላቁ ፍጻሜ አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ከተማው ካርታጎ ወሰደ። ይህም የአጭር ውድድር ዋንጫ ነው። አባታቸውም አያታቸውም ሳያዩት ላለፉ ሰዎች «የእናንተ ግማሽ ነው» የሚላቸው ማን ነው?

ናሆም፦
ኤደን፣ የካርታጎ ሕዝብ ደስታ ሌላ፣ መለኪያ ሌላ። ጨዋታዎቹን እንቁጠር። 12 ክለብ ካለ እያንዳንዱ 11 ተጋጣሚ አለው፤ በደርሶ መልስ 22 ጨዋታ። ከዚያ አራቱ አንደኞች ግማሽ ፍጻሜ ይገባሉ፣ 2 ጨዋታ። ፍጻሜ 2 ጨዋታ። የመደበኛውን ዙር የመራው ክለብ ይህን ፍጻሜ ካላሸነፈ፣ መሪውና የፍጻሜው አሸናፊ በታላቁ ፍጻሜ ሌላ 2 ጨዋታ ይጫወታሉ። ሲበዛ 28 ጨዋታ ነው፤ ሻምፒዮን ለመባል ይበቃል። በሙሉ ዓመት ስሌት ግን መደበኛው ዙር ብቻ 44 ነው፤ የማጠቃለያው ጨዋታ ገና ሳይጨመር።

ጥንካሬንም የሚፈትነው ርዝመቱ ነው። በ22 ጨዋታ ሦስት ሳምንት የወደቀ ክለብ አራተኛ ሆኖ ይሾልካል፤ በሚያዝያ ቢሞቅ ዋንጫ ያነሳል። ይህ ደግሞ ሆኗል። በ2021 ክላውሱራ መደበኛውን ዙር የመራው አላሁዌሌንሴ ነበር፤ ሳፕሪሳ አራተኛ ሆኖ ገባና 36ኛ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1972 እስከ 1977 በተከታታይ ስድስት ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ከዚህ ጋር አንድ መስመር ላይ ሲጻፍ ማየት ለራሱ ለሳፕሪሳ ታሪክም ቅር ያሰኛል። ስለዚህ የኔ ሐሳብ የአጭሩ ውድድር ግማሽ ይያዝ ነው። ሳፕሪሳ 32.5፣ አላሁዌሌንሴ 27 ይሆናል። ልዩነቱ ከ10 ወደ 5.5 ይወርዳል።

ጋሽ መኮንን፦
ልጆች፣ «የድሮው ዘመን» ስትሉ አንድ ወጥ ነገር አታድርጉት። የኮስታሪካ ሊግ በ1921 ሲጀመር ሳፕሪሳ የሚባል ክለብ አልነበረም። የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ኤሬዲያኖ ነው። ሳፕሪሳ በ1935 በሳን ሆሴ በሮቤርቶ ፈርናንዴስ እጅ የተመሠረተ የልጆች ቡድን ነበር። ስሙን ያገኘው ከደገፋቸው ሰው፣ ከሪካርዶ ሳፕሪሳ ነው፤ ኤል ሳልቫዶር ተወልዶ ባርሴሎና ውስጥ ለኤስፓኞል የተጫወተ ሰው። ክለቡ ከታች እየወጣ አንደኛ ዲቪዚዮን የደረሰው በ1949 ነው። የመጀመሪያ ዋንጫው 1952።

ይህን የማነሳው ለቆጠራው ስለሚጠቅም ነው። ብርሃኑ፣ ልዩነቱ 25 ለ24 ነው ስትል አላሁዌሌንሴ በሊጉ ከመጀመሪያው የነበረ፣ የመጀመሪያ ዋንጫውንም በ1928 ያነሳ መሆኑን ተውከው። ሳፕሪሳ 25ቱን የሰበሰበው በ58 ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ለሌላው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ነበረው። ስለዚህ ረጅሙ ዘመንም ቢሆን በጣም እኩል አልነበረም።

ሁለተኛ፣ «የዓመት ዋንጫ» ያላችሁትም ሁልጊዜ ንጹሕ የዓመት ዙር አልነበረም። ከ2007 በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት አፐርቱራና ክላውሱራ ነበሩ። ሁለቱን ያሸነፈ ክለብ በቀጥታ ሻምፒዮን ይሆናል፤ የተለያዩ ክለቦች ካሸነፉ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ያኔ የአፐርቱራ አሸናፊ በፍጻሜው ከተሸነፈ በሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ዛሬ ያው ሥራ ዋንጫ ያሰጣል። ለውጡ የተጫዋቹ ድካም ላይ ሳይሆን የሽልማቱ አሰጣጥ ላይ ነው።

ሩት፦
ጋሽ መኮንን ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው፤ እኔን ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው።

ከ2007-08 እስከ 2023-24 ድረስ 17 የውድድር ዘመን፣ 34 ዋንጫ። አከፋፈሉ፦ ሳፕሪሳ 15፣ ኤሬዲያኖ 8፣ አላሁዌሌንሴ 6፣ ሌሎች አምስት ክለቦች አንድ አንድ። ድምሩ 34፣ ይገጥማል። 15 ከ34 ማለት 44 በመቶ ነው። አሁን ረጅሙን ዘመን ውሰዱ፦ 25 ዋንጫ በ58 ዓመት ገደማ፣ ወደ 43 በመቶ። ሳፕሪሳ ከቀረበለት ዋንጫ የሚወስደው ድርሻ ምንም ማለት ይቻላል አልተለወጠም። የተለወጠው የቀረበው ዋንጫ ብዛት ነው።

አላሁዌሌንሴ ግን ከ34ቱ 6 ብቻ፣ ማለትም 18 በመቶ ያህል አገኘ። ከ6ቱ 5ቱ ደግሞ ከ2010 ኢንቪዬርኖ እስከ 2013 ኢንቪዬርኖ ባለው አጭር ጊዜ የተሰበሰቡ ናቸው። ከዚያ እስከ 2020 አፐርቱራ ድረስ ባዶ ነው፤ ከዚያም በኋላ እስከ 2024 አጋማሽ ባዶ። ልዩነቱን 10 ያደረገው የሳፕሪሳ መጨመር ብቻ ሳይሆን የአላሁዌሌንሴ መድረቅም ነው።

ብርሃኑ፦
ሩት፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነው። ግን የኔን ጥያቄ አይዘጋውም፣ ያጠራዋል። ድርሻው እኩል ከሆነ ብዛቱን ለሁለት ዘመን ለየብቻ መጻፍ ሳፕሪሳን አይጎዳውም ማለት ነው። ታዲያ ደጋፊው ለምን ይፈራዋል?

ኤደን፦
የሚፈራው ናሆም ያደረገውን ነው። ለየብቻ ጻፉ ትላላችሁ፤ ነገ 0.5 እያላችሁ ታባዛላችሁ። ግማሽ የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? 28 ጨዋታ ከ44 እና ከማጠቃለያው ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ነው። ደግሞ የማጠቃለያው ጫና በአጭሩ ውድድር በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል።

የ2021ንም ልመልስልህ ናሆም። ሕጉ ለመሪው ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። በግማሽ ፍጻሜው ወይም በፍጻሜው ቢወድቅ እንኳን አያበቃለትም፣ ታላቁ ፍጻሜ ይጠብቀዋል። አራተኛ የሆነ ክለብ ግን አንዴ ከወደቀ ወደ ቤቱ ነው። አራተኛው ሦስት የደርሶ መልስ ግጥሚያ ሳይወድቅ ማለፍ አለበት፤ መሪው አንዱን ወድቆም ዋንጫ ሊያነሳ ይችላል። ሳፕሪሳ ያለፈው በጠባቡ በር ነው። በ2022 ካርታሂኔስ ያለፈውም በዚያው በር ነው።

ናሆም፦
ስለ 0.5 ያልሽውን እቀበላለሁ፤ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፣ የኔ ግምት ነው። ስለ አራተኛው ግን አልቀበልም። የ22 ጨዋታ ነጥብ ተሰርዞ ሁሉም ከዜሮ የሚጀምርበት ውድድር ጥሎ ማለፍ ነው። ሊግ የሚለው ስም የሚገባው ነጥብ ለሚቆጠርበት ነው።

ጋሽ መኮንን፣ ቆጠራ የማይነካው መለኪያ ከፈለግን አህጉራዊውን እንይ። በ2004 የኮንካካፍ (የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ እና የካሪቢያን እግር ኳስ ማኅበር) ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ሁለቱ ራሳቸው ተገናኙ፤ 1 ለ1፣ ከዚያ አላሁዌሌንሴ 4 ለ0። በ2020ው የኮንካካፍ ሊግ ፍጻሜም አላሁዌሌንሴ 3 ለ2 አሸነፈ። የመካከለኛው አሜሪካ ዋንጫን ደግሞ በ2023ም በ2024ም ወሰደ።

ጋሽ መኮንን፦
እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን አንብበው። የሻምፒዮኖች ዋንጫን ሳፕሪሳ በ1993፣ በ1995 እና በ2005 አንስቷል፤ አላሁዌሌንሴ በ1986 እና በ2004። የ2005ቱ ደግሞ በሜክሲኮው ፑማስ ላይ ነው፦ በሜዳው ቲባስ ላይ 2 ለ0፣ ሜክሲኮ ላይ 1 ለ2፣ ድምር 3 ለ2። አሰልጣኙ ኤርናን ሜድፎርድ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጃፓን ሄዶ ሲድኒን 1 ለ0 አሸነፈ፣ በሊቨርፑል 3 ለ0 ተሸነፈ፣ የሳዑዲውን አል ኢትሃድ 3 ለ2 ረትቶ ከዓለም ክለቦች ሦስተኛ ሆነ። የኮንካካፍ ሊግንም በ2019 ወስዷል። ይሁንና ከ2019 ወዲህ ካየን ሚዛኑ ወደ አላሁዌሌንሴ ማጋደሉን አልክድም። ሳፕሪሳ አገር ውስጥ በሚሰበስብበት ጊዜ ከድንበር ውጭ የሰበሰበው ሌላው ነው። ይህንን የሐምራዊው ደጋፊ በግልጽ ሊያወራው ይገባል።

ብርሃኑ፦
አህጉራዊው ሌላ ክርክር ይፈልጋል፤ ወደ ሊጉ ልመልሳችሁ። ዝርዝሩን ለሚያዘጋጅ ሰው የሚሠራ ነገር እናስቀምጥ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚገባው ከአስተሳሰብ ሳይሆን ከአጻጻፍ ነው።

ትልቁ ስህተት ዋንጫን በዓመተ ምሕረት ብቻ መጻፍ ነው። 2007ን ውሰዱ። ሳፕሪሳ በዚያ ዓመት ሁለቴ ሻምፒዮን ሆነ፦ አንዱ የ2006-07 የመጨረሻው የሙሉ ዓመት ዋንጫ፣ ሌላው የ2007 ኢንቪዬርኖ፣ የመጀመሪያው አጭር። «2007» ብሎ አንዴ የጻፈ ሰው አንዱን ይጥላል፤ ድምሩ 39 ይወጣለታል። በዚህ ላይ የሁለቱ ዘመን ድንበር የሚያልፈው እዚያው ዓመት መሃል ላይ ነው። 2008፣ 2014 እና 2023ም እንዲሁ ድርብ ናቸው። ስለዚህ ለረጅሙ ዘመን የውድድር ዘመኑ፣ ለአጭሩ ደግሞ የውድድሩ ስምና ዓመቱ አንድ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ አምድ ይከፈት፤ ማባዛት ግን አይኑር። እስከ 2024 ክላውሱራ ባለው፣ ሳፕሪሳ 25 እና 15፣ አላሁዌሌንሴ 24 እና 6፣ ኤሬዲያኖ 21 እና 8። ድምሩን የፈለገ ይደምር።

ሩት፦
ሁለቱ አምዶች ሌላም ነገር ያሳያሉ። ሊቤሪያ በ2009 ቬራኖ፣ ብሩሃስ በ2009 ኢንቪዬርኖ፣ ፔሬስ ሴሌዶን በ2017 አፐርቱራ፣ ሳን ካርሎስ በ2019 ክላውሱራ፤ የአራቱም የመጀመሪያ አምድ ዜሮ ነው። አጭሩ ውድድር ለትልቁ ብቻ ያደላ ነው የሚል ሰው ይህንን ይመልስ። ኤሬዲያኖም ከ1993 እስከ 2012 ያለ ዋንጫ ከቆየ በኋላ የተነሳው በዚሁ ውድድር ነው።

ናሆም፦
በሁለት አምድ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመር፦ «በተከታታይ» የሚለው ቃል። ሳፕሪሳ ከ2022 አፐርቱራ እስከ 2024 ክላውሱራ አራት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ደጋፊው ይህንን ከ1972-77ቱ ስድስት ጎን ያቆመዋል። አራቱ የተሰበሰቡት በሁለት የውድድር ዘመን ነው። ስድስቱ ስድስት ዓመት ፈጅተዋል። አንድ ቡድን ለሁለት ዓመት ሳይፈርስ መቆየቱና ለስድስት ዓመት አርጅቶ፣ ተተክቶ፣ አሁንም አለማሸነፍን አለማወቁ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጋሽ መኮንን፦
በዚህ ከናሆም ጋር ነኝ። የቲባስ ስታዲየም በነሐሴ 1972 ሲከፈት የዚያ ስድስት ዓመት መጀመሪያ ነበር። ሜዳውን «የጭራቁ ዋሻ» ያሰኘው ዝና አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

ኤደን፦
እሺ፣ በተከታታይነቱ ላይ ተረትቻለሁ። በዋንጫ ብዛት ሳይሆን በውድድር ዘመን ይጻፍ፦ «ስድስት ዋንጫ፣ ስድስት ዓመት»፣ «አራት ዋንጫ፣ ሁለት ዓመት»። ከ2005-06ቱ ጀምሮ እስከ 2008 ኢንቪዬርኖ በተከታታይ የወሰዷቸው አምስቱ ደግሞ «አምስት ዋንጫ፣ ሦስት ዓመት ተኩል» ተብለው ይግቡ፤ እነሱን ሁሌም ትረሷቸዋላችሁ። 40ን ግን 32.5 የሚል ሰንጠረዥ ላይ ስሜን አላስገባም።