ለፓይሮ ፊልም የትኛው ፊክሰር ይሻለኛል? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ማታ ማታ መታጠቢያ ቤቴን አጨልሜ ጥቁርና ነጭ ፊልም አጥባለሁ። በቅርቡ ፓይሮካት ኤችዲ የሚባል የፓይሮ ዴቨሎፐር (በፊልሙ ላይ ምስሉን የሚያወጣ ኬሚካል) ጀመርኩ። ይህ ዴቨሎፐር ምስሉ ባለበት ሁሉ ከብሩ ጋር ቡናማ ቀለም ይተዋል። ደመናው በወረቀት ላይ ሲወጣ ዝርዝሩ አይጠፋም። በጣም ነው የወደድኩት።

ችግሬ ፊክሰሩ ነው፤ የወጣውን ምስል የሚያጸናው ኬሚካል ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን ጥቅል በእጄ በነበረው አሲዳማ ፊክሰር አጠብኩት፤ የፊልሙን ሽፋን ማጠንከሪያም አለው። ቀለሙ ሳስቶ ወጣ። ጥፋቱ የፊክሰሩ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ዴቨሎፐሩን ለማስቆም የተጠቀምኩት የአሲድ ማቆሚያ? መለየት አቃተኝ። በሁለተኛው ጥቅል ማቆሚያውን ትቼ በንጹህ ውሃ ብቻ አለቀለቅኩት። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አላረካኝም።

አሁን ፊክሰር የሚሠራበት አንድ ኪሎ ሶዲየም ታዮሰልፌት አለኝ። 250 ግራሙን ከትንሽ ሶዲየም ሰልፋይት ጋር በውሃ አሟሙቼ አንድ ሊትር ላደርገው አስቤያለሁ። አሲድ የለውም፤ ግን ዝግተኛ ነው። ሌላው አማራጭ በአሞኒየም ታዮሰልፌት የተሠራ አልካላይን ፊክሰር ከውጭ ማስመጣት ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ፈሳሽ ኬሚካል በሻንጣ ላኩልኝ ማለት ይከብዳል።

በዚህ በሶዲየም ታዮሰልፌት የፓይሮ ፊልም ያጠበ አለ? ፊልሙ ጠርቶ እስኪታይ የፈጀውን ጊዜ እጥፍ ማቆየት ይበቃል? ቀለሙስ ይቀራል?

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልታጠቡ አራት ጥቅሎች አሉኝ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ናቸው፣ በ2016 ከመፍረሳቸው በፊት ያነሳኋቸው። ደግሜ ላነሳቸው አልችልም። የሞከራችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።