ጥቆማ፦ ጀሞና ለቡ አካባቢ ልጅ 1ኛ ክፍል የት ይግባ? የመንግሥት፣ የግል ወይስ የሚሲዮን

የጀሞዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ለመስከረም 7 ዓመት ይሞላዋል። በእግር 10 ደቂቃ የማይሞላ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ በሰርቪስ 40 ደቂቃ የሚወስድ የግል አለ፤ የሚሲዮንም ተጠቁሞልኛል። ሕንፃውንና ማስታወቂያውን ትቼ የማስተማሩን ጥራት በምን ልለየው?

ጠመኔ፦ እህቴ፣ የትምህርት ቤት ስም አልጠቁምሽም። አንድ ስም ይዞ አራት ቅርንጫፍ ያለው ትምህርት ቤት አንዱ ቅርንጫፉ ጎበዝ፣ ሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ልጅሽን የሚያስተምረው ስሙ ሳይሆን የ1ኛ ክፍሉ መምህር ነው። «የ1ኛ ክፍል መምህርቷ እዚህ ስንት ዓመት ሆናት?» ብለሽ ጠይቂ። በየዓመቱ መምህር የሚቀያየርበት ክፍል ልጁን በየመስከረሙ ከሀ ያስጀምረዋል።

ከዚያ እዚያ የሚማር የ2ኛ ክፍል ልጅ ፈልጊ፤ ከጎረቤት አይጠፋም። ሀ ሁ ሂ ብሎ ቢያወርደው አትቁጠሪለት፣ ዜማ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነዝርያቸው 231 ናቸው፤ ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ እያዘለልሽ ጠቁሚውና ይንገርሽ። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት ሳድስ (6ኛው ዝርያ) ላይ ነው። የካዕብና የሣልስ (የ2ኛውና የ3ኛው ዝርያ) ቅጥያ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይለመዳል፤ ሳድስ ግን እንደየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል (ል፣ ም፣ ር፣ ት እያልሽ እዪው)። ደግሞ አነባበቡም ሁለት ነው፤ «ልብ» ሲባል ል አናባቢ አላት፣ ብ ግን የላትም። ይህን ለይቶ ያስተማረ መምህር ካለ ልጁ አዲስ ቃል ሲያጋጥመው ይሞክረዋል። ካልተማረ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ይገምታል።

መጨረሻ ላይ ከአማርኛ መጽሐፉ ገና ያልደረሱበትን ገጽ ክፈቺ፣ ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍኚው፣ አስነብቢው። የተማሩበትን ገጽ ከሰጠሽው ግን በቃሉ ስለሚያወርደው ምንም አታውቂም። አንብቦ ሲጨርስ «ማን ምን አደረገ?» ብለሽ ጠይቂው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ይህ ካቃተው፣ ክፍያው የቱንም ያህል ይሁን፣ እዚያ ቤት ንባብ አልተማረም።

ቀይ እስክርቢቶ፦ ጠመኔ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ደብተር ልጨምር። ከአንድ ክፍል የሦስት ልጆች የሒሳብ ደብተር ካገኘሽ ጎን ለጎን ዘርጊው። ሦስቱም ላይ ያው ስህተት በያው መስመር ካለ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፣ ልጆቹ አልሠሩም። ስህተቱ ላይ ራይት ካለበት መምህሩ ሳያይ ነው የፈረመው። ጥሩ እርማት ማለት ኤክስ ተደርጎ፣ ልጁ ከሥር እንደገና ሠርቶት፣ ድጋሚ የታየ ነው።

ለይተሽ መቀነስን እዪ። 52 ሲቀነስ 18 ብሎ 46 የሚጽፍ ልጅ ከ8 ላይ 2 ቀንሶ ነው፤ ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ስላልቻለ ገለበጠው። ይህ የሚመጣው አሥር ቤትን በእጁ ሳይነካ በቁጥር ብቻ የተማረ ልጅ ላይ ነው። አሥር አሥር የታሰረ እንጨት ወይም ቆርኪ ክፍሉ ጥግ ላይ ካየሽ፣ አቧራ ካልጠጣ ደግሞ፣ መምህሩን እመኚው።

ሱፐርቪዥን፦ የኢንስፔክሽን ደረጃውን ጠይቂ፤ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን መዝኖ የሚሰጠው ደረጃ ነው። ምዘናው ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ብሎ በ26 ስታንዳርዶች ነው፤ ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ደረጃ 3 ማለት ስታንዳርዱን አሟላ ማለት ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ፤ «ሂደት ላይ ስንት አገኛችሁ?» በይ። ቤተ ሙከራና አጥር ነጥብ የሚያመጣው በግብዓት ነው፣ ማስተማሩ ያለው በሂደቱ ነው።

የተማሪ ብዛትም ቢሆን በአፍ አትቀበዪ፤ ኮምባይንድ ዴስኩን ቁጠሪ፣ በሚቀመጡበት ልጆች ቁጥር አባዢ። የአንደኛ ደረጃ ስታንዳርዱ በክፍል 50 ነው። 60 ከሆኑ 40 ደቂቃዋ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ትደርሰዋለች፣ ያውም መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይጽፍ። ሽንት ቤቱን በእረፍት ሰዓት እዪው። በጠዋት ታጥቦ ነው የሚያሳዩሽ።

ሒሳብ ያዥ፦ የግሉን ወርሃዊ ክፍያ ሰምታችሁ አትወስኑ። በ10 ወር አባዙት፤ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ተጨማሪ መጽሐፍ፣ ሰርቪስ ጨምሩበት። ለምሳሌ ወርሃዊው 3,000 ቢሆን 30,000 ነው፤ ሰርቪሱ 2,000 ከሆነ ሌላ 20,000። ሰርቪስ መንፈቅ ዓመት ሲዘጋም ይከፈል እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የመንግሥቱ ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ አለው፤ እሱንም በብር ተምኑት። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ አስጠኚ በሳምንት ሁለት ቀን ይገኛል።

ፊደል፦ ስለ እንግሊዝኛ ማንም አላነሳም። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ ከ1ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት፤ ወላጅም የሚመዘግበው ለዚሁ ብሎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በአማርኛ ለሚማሩት የከተማው መጽሐፍ እስከ 6ኛ በአማርኛ ነው፣ ከ7ኛ ጀምሮ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው። በሁለቱም መጽሐፍ የሚያስተምር ቤት ከሆነ የትኛው እንደሚፈተን ጠይቂ። ያለበለዚያ የከተማውን መጽሐፍ የሚያነሱት የ6ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ብቻ ነው።

ጠመኔ፦ @ፊደል እስማማለሁ። የመግቢያ ፈተናቸው ኤ ቢ ሲ ብቻ ከሆነ እኔ እጠራጠራለሁ።

የጀሞዋ እናት፦ ተባረኩ። የሚሲዮኑስ?

ሱፐርቪዥን፦ መምህሮቻቸው ባብዛኛው ይቆያሉ፣ ሥነ ሥርዓታቸውም ጥብቅ ነው። ችግሩ ቦታ ነው፤ ምዝገባው ቶሎ ይሞላል፣ ዕጣ ወይም እዚያ እህት ወይም ወንድም ላለው ልጅ ቅድሚያም ይኖራል። ሐምሌን አትጠብቂ፣ ግንቦት ላይ ሄደሽ ጠይቂ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የአጸደ ሕፃናት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ በእጅሽ ይኑር። ብዙ ሰው የሚመለሰው በልደት ምስክር ወረቀቱና በአጸደ ሕፃናት ካርዱ ላይ የአያት ስም ሲለያይ ነው፤ እሱን ከአሁኑ ወረዳ ሄደሽ አስተካክዪው።