ዜድ ስኬል የምትባለዋ ትንሽ የሞዴል ባቡር አዳማ ውስጥ ያለችው ሰው አለ? ልሽጣት ወይስ ልያዛት

የአዳማው ልጅ፦
ሰላም ቤቶች፣ ታላቅ እህቴ ከጀርመን ስትመጣ አንዲት ያገለገለች ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የሰራት ዜድ ስኬል ባቡር አመጣችልኝ፣ ሶስት ፉርጎና አንድ ዙር ሐዲድ አላት፣ ጭንቅላቷ ከአውራ ጣቴ እምብዛም አትበልጥም። ልጄ «ትንሽ ናት» ብሎ ንቋታል፣ እኔ ግን ከስራ ስገባ አገጬን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ እሷን ማየት ሆኗል ስራዬ፣ ሚስቴም መሳቅ ጀምራለች። ተከራይቼ የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ነው። ሸጬ ኤችኦ የሚባለውን ትልቁን የሞዴል ባቡር ልግዛ? ደሞ ትንሿን የምትወዱ ሰዎች ምኗ ነው እንዲህ የሚይዛችሁ?

ፉርጎ ቁጥር 7፦
ኧረ እንዳትሸጣት! ኤችኦ 1 ለ 87 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ፣ ያንተዋ 1 ለ 220። እውነተኛ 100 ሜትር የሚረዝም ባቡር በኤችኦ 1 ሜትር ከ15 ሳንቲም ይበላብሃል፣ በዜድ 45 ሳንቲም ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትልቁን ብትዘረጋ ባቡር ይኖርሃል አገር ግን አይኖርህም፣ ገና ከአልጋው ስር ብቅ ሳይል ቁምሳጥኑ ጋ ያልቃል። በትንሿ ሜዳውም ተራራውም ግራሩም ይገባል። ልጅ ሆነን ዳገት ላይ ቆመን ባቡር ስናይ ከሩቅ ከሜዳው መሀል እንደ አባ ጨጓሬ እየተሳበ አልነበር እንዴ የሚመጣው፣ ለኔ ይቺ ማለት እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ከወጣች ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ሙሉ መንደር የሚሰሩባት ሰዎች አሉ፣ ክዳኑን ዘግተህ አልጋ ስር ነው።

ሐዋሳዊቷ፦
ወንድሜ ደስታህን ላጠፋ ሳይሆን አዳማ ነህ እኮ፣ የዛ ንፋስና አቧራ! መብራቱ ከሐዲዱ በጎማዋ በኩል ነው ወደ ሞተሯ የሚገባው፣ ክብደት ስለሌላት ሐዲዱን በደንብ አትጫነውም፣ ስለዚህ ትንሽ ብናኝ ካለ ቀጥ ትላለች። እኔ በአልኮል ጥጥ እየጠረግኩ ነው የምኖረው (በሳምንት ሁለቴ፣ ባሌ ቁስል ያለብኝ መስሎት ነበር ሃሃ)። ደሞ ያገለገለች ካልክ የድሮዎቹ በ8 ቮልት ነው የሚሰሩት፣ ያገኘኸውን 12 ቮልት እንዳትሰካባት።

ጋሼ ሊትሪና፦
ልጄ አንድ ነገር ልንገርህ። የሐዲድህ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው አይደል። አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ስፋት አለው፣ ለ220 ስታካፍለው 6.5 ይመጣልሃል። የድሮው የኛ ምድር ባቡር ደሞ 1 ሜትር ነበር፣ እሱን ለ220 ሳይሆን ለ160 ብታካፍለው 6.25፣ በቃ እዛው ነህ። ስለዚህ ፉርጎውን በ1 ለ 160 ከካርቶን ቆርጠህ የዜድ ጎማ ላይ ብትጭነው የድሮውን ባቡር ሰራህ ማለት ነው፣ ፈረንጆቹም ጠባብ ሐዲድ ሲሰሩ ይሄንኑ ያደርጋሉ። እኔ ብሆን መተሐራ ጋ ያለውን ጥቁር ድንጋይና የበሰቃን ሐይቅ ነበር የምሰራው፣ ውሃው እየሰፋ ሐዲዱ ድረስ የመጣውን።

ፉርጎ ቁጥር 7፦
ጋሼ ይመችዎት! ለጥቁሩ ድንጋይ ከሰል አድቅቀህ በኮላ ለጥፈው፣ ለግራሩ የደረቀ ጦስኝ ይሆንሃል። ግን ከሰሉን ከሐዲዱ አርቀው፣ ዱቄቱ ጎማዋ ላይ ከተጣበቀ አለቀልህ።

ሐዋሳዊቷ፦
ትንሽ ከወደድክ አይቀር ከዚችም የምታንስ ጃፓኖቹ የሰሯት ቲ የምትባልም አለች፣ 1 ለ 450፣ ሐዲዷ 3 ሚሊ ነው፣ ጎማዋ ማግኔት ስለሆነ ዳገቱን ተጣብቃ ትወጣዋለች። እኔ ግን መነጽር ቀይሬም አልቻልኳትም።

የአዳማው ልጅ፦
ኧረ ቲዋን ሚስቴ እንዳትሰማ። ጋሼ በሰቃን ጀምሬያለሁ፣ የቲቪ ካርቶን ውስጥ የነበረውን ነጭ ፎም ትናንት ማታ ቆረጥኩት፣ ቤቱ ሙሉ በረዶ የጣለበት መሰለ፣ ጠዋት ስነሳ መጥረጊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያገለገለ ጠንካራ ሻንጣ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቢያንስ 60 በ40 የሚሆን።