«ኒላካንታ» ሰማያዊ ጉሮሮ ነው ወይስ ባለ ሰማያዊ ጉሮሮ?

ወንድሜ፣ የሂንዱዎችን አምላክ የሺቫን ስም «ኒላካንታ»ን «ሰማያዊ ጉሮሮ» ብለህ ተርጉመኸዋል። ቃል በቃል ልክ ነህ። ኒላ ሰማያዊ፣ ካንታ ጉሮሮ ነው። ስሙ የሚጠራው ግን ጉሮሮውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። በሂንዱዎች ትረካ አማልክቱና ተቀናቃኞቻቸው አሱራዎች የወተቱን ባሕር እንደ እርጎ ሲንጡት መርዝ ወጣ። ሺቫ ዓለም እንዳይጠፋ መርዙን ጠጣው፤ ጉሮሮው ላይም ያዘው። ጉሮሮው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ባለ ሰማያዊ ጉሮሮው» በለው።

የሳንስክሪት፣ ማለትም የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ ሰዋስው እንዲህ ያለውን ጥምር ቃል «ባሁቭሪሂ» ይለዋል። ባሁ ብዙ፣ ቭሪሂ ሩዝ። ብዙ ሩዝ ያለው ሰው፣ ማለትም ሀብታም እንደማለት ነው። ስያሜው ራሱ ምሳሌ መሆኑ ሁሌም ያስደስተኛል። እኛም ጋ አለ እኮ! «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ስንል የምናወራው ስለ ሰውየው ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም እንደዚያው። እኛ አካሉን እናስቀድማለን፣ እነሱ ገላጩን።

እኔ ከሁሉም የምወደው ዳሞዳራን ነው። የክሪሽና ስም ነው፤ ክሪሽና አምላኩ ቪሽኑ በሰው አምሳል የተገለጠበት ስለሆነ ከቪሽኑ 1000 ስሞችም አንዱ ነው። ዳማ ገመድ፣ ኡዳራ ሆድ። ሕፃኑ ክሪሽና የእርጎ ዕቃ ሰብሮ፣ ሙቀጫ ላይ ቆሞ ቅቤውን ለዝንጀሮ ሲያበላ አሳዳጊ እናቱ ያሾዳ ደረሰችበት። ከሙቀጫው ጋር ልታስረው ብትል ገመዱ በሁለት ጣት አጠረ። ሌላ ቀጠለችበት። አሁንም በሁለት ጣት አጠረ። ላብ በላብ ሆና ስትደክም አዘነላትና ታሰረላት።

«ሆደ ገመድ» ልለው አሰብኩና ተውኩት። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ የምንለው ለጠባይ ስለሆነ አንባቢ ሌላ ነገር ይረዳል። «ሆዱን በገመድ የታሰረው» ይሻለኛል።

ያው ኡዳራ የዝሆን ራስ ባለው አምላክ በጋኔሻ ስም በላምቦዳራም አለ፤ ላምባ የተንዘረጠጠ ነው። አ እና ኡ ሲገጥሙ ኦ ይሆናሉ። ሆዱ የተንዘረጠጠው ማለት ነው።

ሁሉንም ግን «ባለ» አታድርገው። ጋኔሻ የሚለው ስም ራሱ ጋና እና ኢሻ ነው፤ ጭፍራና ጌታ። አ እና ኢ ገጥመው ኤ ሆነዋል። እሱን «የጭፍሮች ጌታ» ብለህ እንዳለ ተርጉመው።