«ገመድ ጉተታ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ገመድ ጉተታ ግንባታውን አጓተተው» የሚል ዜና አነበብኩ። «ሽኩቻ» ወይም «ፍጥጫ» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?

መልስ፦ ገመዱ ይጎድል ነበር! ሲፋጠጡ ማንም ምንም ላይነካ ይችላል። ሲሻኮቱም የሚሻሙበት ነገር ገና በማንም እጅ ላይኖር ይችላል። ለገመድ ጉተታ ግን ሁለቱም አስቀድመው የጨበጡት አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ሥልጣን ሊሆን ይችላል፣ በጀት፣ ወሰን፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ደግሞ ልጅ። አንዱ ወደ ራሱ የሳበውን ያህል ሌላው ያጣል።

አመሠራረቱ ቀላል ነው፤ ከ«ወረወረ» «ውርወራ» እንደሚወጣ ከ«ጎተተ» «ጉተታ» ይወጣል። የሚገርመው ቃሉ ብቻውን ተጋጣሚ የሌለው መሆኑ ነው። መንገድ ላይ ለቆመ መኪናም እኮ ጉተታ ይጠራል። ተቃራኒውን ወገን ያመጣው ጨዋታው ነው። የእርስ በርሱ ግስ «ተጓተተ» ነው፤ እሱ ደግሞ «ዘገየ» ማለትም ሆኗል። ጨዋታውን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ጉልበታቸው የተመጣጠነ ቡድኖች ሲገጥሙ ተረከዝ መሬት ይቆፍራል፣ ላብ ይንጠፈጠፋል፣ የገመዱ መሃል ምልክት ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ዘይቤው ጠብን ብቻ ሳይሆን አለመንቀሳቀስንም ይናገራል። ጋዜጠኛው ግን «አጓተተው» ብሎ ያንኑ ሥር ባይደግመው እመርጥ ነበር፤ «አዘገየው» ይበቃ ነበር።

(በነገራችን ላይ ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1920 የኦሊምፒክ ውድድር ነበር። እኛ ጋ ዛሬም በሠራተኛ ማኅበራት የስፖርት ውድድሮች ላይ ይታያል።)

ሌላ አባል፦ ታዲያ የሕዳሴ ግድብ ድርድርን ብዙዎች «ገመድ ጉተታ» ሲሉት ትክክል ነው? ተደራዳሪዎቹ ሦስት አገሮች ናቸው።

መልስ፦ የአገሮቹ ቁጥር አያግድም፤ ገመዱ ሁለት ጫፍ ብቻ ስላለው የሚቆጠረው ጎራው ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ሁለቱ ባንድ ወገን ከተሰለፉ ያስኬዳል። ሦስቱም በየራሳቸው አቅጣጫ ከሳቡ ግን ሌላ ቃል ይፈለግለት። እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ አከራይ ተከራዩን በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ሲያስወጣው «በአከራይና በተከራይ መካከል ያለው ገመድ ጉተታ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ተከራዩ ምኑን ጨበጠና? ያ ጉተታ ብቻ ነው፤ ለዚያውም የመኪናው ዓይነት።