ልጅን ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ወይስ እዚሁ ዲግሪ ማስያዝ? የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ክርክር

አባት፣ ብሎክ 31፦ እንደምን አመሻችሁ ጎረቤቶች። ትናንት እድር ላይ የጀመርነውን እዚህ ግሩፑ ላይ እንጨርሰው፤ እዚያማ መጯጯህ ሆነ። ልጄ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች። እናቷ ጀርመን ትሂድ ትላለች። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫችን ሥር እያለ፣ ገና 18 ዓመት የሞላት ልጅ ምን አሰደዳት ባይ ነኝ። ዲግሪዋን እዚህ ትያዝ፣ ለማስተርስ ትሄዳለች። ፍረዱን።

እናት፣ ብሎክ 12፦ እኔ ከእናትየው ጋር ነኝ። ጋሼ፣ ማለፍ ቀላል መሰለዎት? በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህ ያለፈች ልጅ የትም ታልፋለች። ደግሞ እዚህ ብትማርም ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። እሱንም አልፎ ሥራ የለም። የኔው ትልቁ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሲቪ ሲያዞር ከረመ።

ባለሱቁ፦ ገንዘቡስ? ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ አልፏል። በደመወዝ የሚሆን ነገር አይደለም።

የብሎክ 9 ልጅ፣ ከጀርመን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም ለቪዛ የሚከፈት የተቆለፈ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው 11,904 ዩሮ ነው። በአንዴ አይሰጥህም፤ በወር 992 ዩሮ እየቆነጠረ ይለቅልሃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን እንደኛ ያለውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ይፈቀዳል። «ሠርታ ትማራለች» የሚለውን ግን አትመኑ፤ የመጀመሪያው ዓመት ራስ ያዞራል። በዚያ ላይ በኛ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብዙ ጊዜ አንደኛ ዓመት በቀጥታ አያስገቡም። ሽቱዲየንኮሌግ የሚሉት የአንድ ዓመት መሰናዶ አለ።

እናት፣ ብሎክ 12፦ ልጅ መልመዱ አይቀርም። ስንቱ ለምዷል!

የብሎክ 9 ልጅ፣ ከጀርመን፦ እትዬ፣ ብርዱንማ ጃኬት ይችለዋል። በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲጨልም ሆድ ይብሳል፤ እሱም ይለመዳል። እኔን የጣለኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳስረክብ ከመጽሐፍ ሦስት አንቀጽ እንዳለ ገለበጥኩ። እኛ ጋ ሸምድዶ ቃል በቃል የመለሰ ነበር የሚሸለመው። እዚህ ስርቆት ነው። ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተጠራሁ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሦስቱ አንቀጾች በቢጫ ተሰምሮባቸዋል። «ይህ የማን ሐሳብ ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እኛ ጋ አጥፍቶ አንገት መድፋት ይቅርታ መጠየቅ ነው። እሳቸው ግን መልስ እንደሌለኝ ቆጠሩት። ዜሮ።

ሌላው ምግብ ነው። ኩሽናው የጋራ ነው። እናቴ በላከችው ድርቆሽ ፍርፍር ሠርቼ አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ «ና ብላ» አልኩት። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አለ። የናቀኝ መስሎኝ ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን በላሁ። ለካ እነሱ አንዴ አልፈልግም ካሉ አልፈልግም ነው። እኛ ደግሞ ሦስቴ ካልለመኑን አንበላም። በሌላ ቀን እኔ ተጋብዤ «በልቻለሁ» አልኩ። ማንም «በሞቴ» አላለኝም። ተርቤ ተመለስኩ።

ባለሱቁ፦ ሃሃሃ! ይበልህ!

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 20፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ሽምደዳውን ያስለመድናችሁ እኛው ነን፤ ጥፋቱን እወስዳለሁ። ግን የነገርከን ሁሉ የሚደግፈው አባትየውን ነው። እዚህ ትማር፣ መመረቂያ ጽሑፍ ትጻፍ፣ ትብሰል። ለማስተርስ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጡ የጀርመኑ ዳድ አለ፣ የአውሮፓው ኤራስመስ ሙንዱስ አለ። ካገኘች የአባት ኪስ አይነካም።

የብሎክ 9 ልጅ፣ ከጀርመን፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይስ አልስማማም። እኛ ጋ ተመርቀው ለማስተርስ የመጡ ጓደኞቼም ተጠርተዋል። መመረቂያ ጽሑፋቸውን ራሱ ከበፊቱ ተመራቂ ነው የቀዱት፤ ይቅር ይበሉኝ። በ18 ዓመትህ ሲነግሩህ ደንግጠህ ትማራለህ። በ25 ዓመትህ ግን ኩራትህ ነው የሚነካው።

ባለሱቁ፦ ይሄማ እውነት ነው። ኮፒ ቤት በነበረኝ ጊዜ ሰኔ ላይ አንዱ መመረቂያ ጽሑፍ ሽፋኑ ብቻ እየተቀየረ ሦስቴ ጠርዤዋለሁ። ተው አላልኩም፣ ሥራዬ ነው። ያም ሆኖ መሰናዶው አንድ ዓመት ከበላ፣ ያንን ዓመት እዚሁ ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማርና ጀርመንኛውን ጎን ለጎን ብትይዝ ምን አለበት?

እናት፣ ብሎክ 12፦ «አንድ ዓመት» እየተባለ ነው አራት ዓመት የሚሞላው።

አባት፣ ብሎክ 31፦ እኔ የፈራሁት ገንዘቡንና ብርዱን ነበር። የግልበጣው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የሷን ደብተር አውቀዋለሁ፤ ከመጽሐፉ ልዩነት የለውም።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 20፦ እንግዲያው እስከ እሁድ አንድ ገጽ ትጻፍልኝ። የሰፈራችን ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ለምን እንደሚጠፋ። ስልኳን ለእናቷ ትስጥ። እኔ አርማለሁ፤ የጀርመኑ ልጅም ይይላት።

አባት፣ ብሎክ 31፦ ነገርኳት፤ ስለ ውሃ መጽሐፍ የለም ብላ ተቆጣች። ከራት በኋላ ተቀምጣ ሦስት ወረቀት ቀደደች። አሁን ታንከሩን የሚሞላውን ዘበኛ ልትጠይቅ ወርዳለች። ጃኬትም አልለበሰች።